ጉም፣ ነጎድጓድና ከፍታ፦ በረራ በኢትዮጵያ ለምን ይዘገያል፣ ለምንስ ይሰረዛል?

በኢትዮጵያ በአየር ጠባይ ምክንያት በረራ የሚስተጓጎለው በአብዛኛው በክረምት ነው። ከሰኔ እስከ መስከረም ባሉት ወራት ጠዋት ጠዋት ጉም ይወርዳል። ከሰዓት በኋላ ደግሞ ነጎድጓድ የቀላቀለ ዝናብ ይመጣል። ጉዳቱ ግን በየማረፊያው ይለያያል። ቦሌ በአብዛኛው ያዘገያል፤ ላሊበላን የመሳሰሉ ትንንሽ ማረፊያዎች ደግሞ ይሰርዛሉ። ልዩነቱን የሚፈጥሩት የቦታው ከፍታ፣ የተተከለው መሣሪያና በረራው የሚደርስበት ሰዓት ናቸው። በጉዳዩ ላይ በአማርኛ ተሰብስቦ የተጻፈ ነገር እምብዛም ስለሌለ ዋና ዋናው እዚህ ባንድ ላይ ቀርቧል።

ቦሌና የጠዋት ጉም

የአዲስ አበባ ቦሌ ዓለም አቀፍ አውሮፕላን ማረፊያ ከባሕር ወለል በላይ 2,334 ሜትር ገደማ ላይ ይገኛል። ከናይሮቢው ጆሞ ኬንያታ በ700 ሜትር ያህል ይበልጣል። በሰሜን እንጦጦ፣ በደቡብ ምሥራቅ ደግሞ የረር ይታዩታል። በክረምት እርጥበት ያዘለው አየር ደጋውን ሲወጣ ይቀዘቅዛል፤ ደመናም ይሆናል። ከቆላ ሲታይ ሰማይ ላይ የተንጠለጠለ የሚመስለው ደመና ደጋ ላይ መሬቱን ነክቶ ያድራል።

አብራሪዎች በጉም ውስጥ የሚያርፉት በመሣሪያ እየተመሩ ነው። በመደበኛው የመጀመሪያ ደረጃ የመሣሪያ አቀራረብ አውሮፕላኑ ከመሬት 60 ሜትር (200 ጫማ) ያህል ሲቀረው አብራሪው ማኮብኮቢያውን ወይም መብራቶቹን ማየት አለበት። አግድም እይታውም ከ550 ሜትር ማነስ የለበትም። ካልታየው ሞተሩን ጨምሮ ተመልሶ ወደ ላይ ይወጣል። ይህ ተሳፋሪውን ቢያስደነግጥም ሁሉም አብራሪ ደጋግሞ የሚለማመደው የተለመደ አሠራር ነው።

ከዚያ በኋላ ያለው የነዳጅ ሒሳብ ነው። እያንዳንዱ አውሮፕላን ሲነሳ ወደ ተለዋጭ ማረፊያ የሚያደርሰውን ነዳጅ ይዞ ነው። ጉሙ ቶሎ የሚገፈፍ ከመሰለ አየር ላይ እየዞሩ ይጠብቃሉ። ካልሆነ ወደ ድሬዳዋ፣ ወደ መቀሌ፣ ወደ ጅቡቲ ወይም ወደ ናይሮቢ ይሄዳሉ። ድሬዳዋ ለዚህ ሥራ የተፈጠረች ትመስላለች። ማረፊያዋ 1,167 ሜትር ገደማ ላይ ነው፤ አየሩ ሞቃትና ደረቅ፣ ሰማዩም ብዙ ጊዜ ጥርት ያለ ነው። አዲስ አበባ ሊወርድ የተዘጋጀ ሰው የድሬን ፀሐይ በመስኮት እያየ አውሮፕላን ውስጥ ቁጭ ብሎ መጠበቁ በክረምት ብርቅ አይደለም።

ጉዳዩን የሚያከብደው የጉሙ ሰዓት ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በረራዎቹን በቡድን በቡድን ያገናኛል። ከአውሮፓ፣ ከአሜሪካ፣ ከመካከለኛው ምሥራቅና ከእስያ ሌሊቱን የበረሩት ንጋት ላይ ቦሌ ይደርሳሉ። ተሳፋሪው ሁለት ሦስት ሰዓት ቆይቶ ረፋዱ ላይ ወደ አፍሪካ ከተሞች ይበተናል። ማታ ደግሞ ሁሉም በግልባጩ ይሆናል። ጉም የሚወርደው ልክ ንጋት ላይ፣ አውሮፕላኖቹ ተከታትለው በሚደርሱበት ሰዓት ነው። አንድ ሰዓት ቢዘጋ የሉሳካውም፣ የአክራውም፣ የኪንሻሳውም ይዘገያል፤ የሚጠብቁት ተሳፋሪ ገና አየር ላይ ነውና። ረፋድ ላይ የተፈጠረ መዘግየት ማታ ወደ ለንደን በሚሄደው ላይ ሊታይ ይችላል። ሰማዩ ጠርቶ ሳለ «በአየር ጠባይ ምክንያት ዲሌይ ሆኗል» ሲባል ብዙ ሰው ሰበብ ይመስለዋል። አንዳንድ ጊዜ ሰበብ ሊሆን ይችላል፤ አብዛኛውን ጊዜ ግን የጠዋቱ ጉም ዕዳ ነው።

ነጎድጓድ

ዝናብ ብቻውን አውሮፕላን አያግድም። የሚያግደው ከዝናቡ ጋር የሚመጣው ነው። ኩሙሎኒምበስ የሚባለው የነጎድጓድ ደመና ቁመቱ ከ12 ኪሎ ሜትር ሊያልፍ ይችላል። በውስጡ በረዶ አለ፤ ሽቅብና ቁልቁል የሚጋልብ ነፋስም አለ። ከሥሩ ድንገት መሬት ላይ የሚወረወር ነፋስ ለማረፍ ዝቅ ላለ አውሮፕላን እጅግ አደገኛ ነው። ስለዚህ አብራሪዎች በራዳር እያዩ ዙሪያውን ይሄዳሉ፤ ማዕበሉ ማኮብኮቢያው ላይ ከሆነም እስኪያልፍ ይጠብቃሉ። መብረቅ ሲቀርብ በምድር ያለው ሥራም ይቆማል። ነዳጅ አይቀዳም፣ ሻንጣ አይጫንም። በር የተዘጋበት አውሮፕላን ሳይንቀሳቀስ የሚቆይበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

በነጎድጓድ ስም ሁልጊዜ የሚነሳው የቤሩቱ አደጋ ነው። ጥር 17 ቀን 2002 ዓ.ም. ሌሊት የኢትዮጵያ አየር መንገድ የበረራ ቁጥር 409 ከቤሩት ተነስቶ ብዙም ሳይቆይ ሜዲትራኒያን ባሕር ላይ ወደቀ። የተሳፈሩት 90 ሰዎች በሙሉ አለቁ። በአካባቢው ነጎድጓድ ነበር። የሊባኖስ መርማሪዎች ጥፋቱን በአብራሪዎቹ የበረራ አያያዝ ላይ አደረጉ። አየር መንገዱ ይህን አልተቀበለም፤ አየር ላይ ፍንዳታ እንደነበረ የሚያመለክት ምልክት አለ ሲል ተከራክሯል። ክርክሩ እስካሁን አልተዘጋም ማለት ይቻላል።

የተዘነጋው ሙቀት

ክረምቱ ስሙን ስለወሰደው የበጋውን ሙቀት የሚያነሳ የለም። ከፍታ ባለበት አየሩ ስስ ነው፤ ሲሞቅ ደግሞ ይበልጥ ይሳሳል። ቦሌ ላይ 24 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲሆን አውሮፕላኑ አየሩን የሚያገኘው 3,200 ሜትር ከፍታ ላይ ያለ ያህል ሆኖ ነው። ክንፉ የሚያነሳው ኃይል ይቀንሳል፣ የሞተሩም ጉልበት ይደክማል። 3,800 ሜትር የሚረዝመው ማኮብኮቢያ እንኳ ሙሉ ጭነትና ሙሉ ነዳጅ ለያዘ አውሮፕላን አንዳንዴ አይበቃም። ስለዚህ ጭነት ይቀነሳል ወይም ነዳጅ በመንገድ ላይ ይሞላል። ከዋሽንግተን ዳላስ ወደ አዲስ አበባ በአንድ ጊዜ የሚመጣው በረራ ሲሄድ በደብሊን ወይም በሎሜ ሲቆም የኖረው በዋናነት ለዚህ ነው። ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ሲበሩ የሚገጥመው የፊት ነፋስም ይጨመርበታል።

ከዲሲ-3 እስከ ጄት

የኢትዮጵያ አየር መንገድ ታኅሣሥ 12 ቀን 1938 ዓ.ም. ተቋቋመ። መጋቢት 30 ቀን በዚያው ዓመት የመጀመሪያ በረራውን በአስመራ በኩል ወደ ካይሮ አደረገ። ሥራውን ያስጀመረው የአሜሪካው አየር መንገድ ቲ.ደብሊው.ኤ. ነበር። አውሮፕላኖቹ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት የተረፉ ሲ-47 ናቸው፤ ዲሲ-3 የተባለው የመንገደኛ አውሮፕላን የጦር ወንድሞች። መቀመጫው ግራና ቀኝ ግድግዳውን ተከትሎ የተዘረጋ አግዳሚ ነበር። መሐሉ የጭነት ቦታ ነው። ሰውና ዕቃ ባንድ ላይ ይጓዙ ነበር።

ይህ ዘመን ለአየር ጠባይ ታሪክ እጅግ የበለጸገ ነው። ዲሲ-3 ጠንካራና ታዛዥ አውሮፕላን ነበር፤ ካቢናው ግን የአየር ግፊት አይጠብቅም። ስለዚህ ተሳፋሪ ይዞ ከደመናው በላይ ወጥቶ መብረር አይሆንለትም። አብራሪው በተራሮች መካከል፣ ሸለቆና ወንዝ እየተከተለ፣ በዓይኑ እያየ ይሄዳል። ሸለቆው በደመና ከተዘጋ መመለስ ነው። የሀገራችን አብራሪዎች ስም ያወጡት እንዲህ ባለው መንገድ ላይ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ከሰማዩ በላይ ያስቸግር የነበረው ደግሞ መሬቱ ነው። ጎሬ፣ ደምቢዶሎ፣ ሚዛን ተፈሪ፣ ጎባና ሌሎችም የሚበረርባቸው ሜዳዎች ሣር ወይም አፈር ነበሩ። አውሮፕላን ሲመጣ ከብት ይባረራል። ዝናብ ሲበዛ ሜዳው ጭቃ ይሆናል፣ ጎማ ይሰምጣል። ሰማዩ ቢጠራም ሜዳው እስኪደርቅ ድረስ አውሮፕላን አይመጣም። ጎሬ ደግሞ በሀገሪቱ እጅግ ዝናብ ከሚበዛባቸው ቦታዎች አንዷ ናት። መንገድ በሌለበት ዘመን የተሰረዘ በረራ ማለት ያልደረሰ መድኃኒት፣ ያልተጫነ ቡናና ያልመጣ ፖስታ ማለት ነበር። ላሊበላም ከዚህ አላመለጠችም። ሜዳዋ አስፋልት ከመልበሱ በፊት ክረምት ሲገባ በረራው ይቋረጥ ነበር። ጎብኚ የሚመጣው ከመስከረም በኋላ ነው።

አዲስ አበባ ላይ የመጀመሪያው ማረፊያ ልደታ ነበር። ሰፈሩ ዛሬም አሮጌው ኤርፖርት ይባላል። ለጄት ስለማይበቃ ቦሌ ተሠራ። ቦይንግ 720 በ1955 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር የረጅም ርቀት በረራው ከደመና በላይ ወጣ። ገጠሩ ግን ከዲሲ-3 ጋር ገና ብዙ ዓመት ቆየ።

በደርግ ዘመን ለሀገር ውስጥ በረራ ትዊን ኦተር፣ በመጨረሻም ኤ.ቲ.አር. 42 የሚባሉ አውሮፕላኖች ገቡ። በ1980ዎቹ ፎከር 50 ተከተለ፤ ከ2002 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ ኪው 400።

ትንንሾቹ ማረፊያዎች

የዛሬዎቹ የሀገር ውስጥ ማረፊያዎች አስፋልት ለብሰዋል። ሆኖም ብዙዎቹ ቦሌ ላይ ያለው፣ አውሮፕላኑን ወደ ማኮብኮቢያው በትክክል እየመራ የሚያወርደው መሣሪያ የላቸውም። አብራሪው ማኮብኮቢያውን ከቦሌው በጣም ከፍ ካለ ቦታ ላይ ማየት ይጠበቅበታል። በዙሪያው ተራራ ሲኖር ደግሞ ገደቡ ይበልጥ ከፍ ይላል። የላሊበላው ማረፊያ ከከተማዋ ወጣ ብሎ ሽምሽሃ ላይ፣ 2,000 ሜትር ሊሞላ ጥቂት የቀረው ከፍታ ላይ ነው። ደመናው ዝቅ ካለ አማራጩ መመለስ ነው።

ሌላው ጉዳይ ጨለማ ነው። የማኮብኮቢያ መብራት የሌለበት ማረፊያ ፀሐይ ስትጠልቅ ይዘጋል። ስለዚህ ከሰዓት በኋላ ሦስት ሰዓት የዘገየ በረራ ዘግይቶ አይደርስም፤ ካንስል ይሆናል። ባለፉት ዓመታት ለበርካታ ማረፊያዎች መብራት እየተተከለ ስለሆነ ይህ እየቀነሰ ነው። ለክረምት ተጓዥ የጠዋቱን በረራ ያዝ የሚባለውም ለዚሁ ነው። ቢዘገይ እንኳ ቀኑ ገና አልመሸም። የላሊበላ ትልቁ በዓል ገና በበጋ፣ ታኅሣሥ 29 ላይ መዋሉ ለአየር መንገዱም ለተሳላሚውም ትልቅ ዕድል ነው።

ትንበያው

በኢትዮጵያ የሜትሮሎጂ አገልግሎት የተወለደው ከአቪዬሽን ነው። በ1943 ዓ.ም. ገደማ በሲቪል አቪዬሽን ሥር እንደ ትንሽ ክፍል ጀመረ። በታኅሣሥ 1973 ዓ.ም. በአዋጅ ራሱን ችሎ ወጣ። አሁን የኢትዮጵያ ሜትሮሎጂ ኢንስቲትዩት ይባላል። ለበረራ ሁለት ነገር ያወጣል። አንዱ ሜታር ነው፤ በየሰዓቱ ወይም በየግማሽ ሰዓቱ ማረፊያው ላይ ያለውን ነፋስ፣ እይታ፣ ደመናና ሙቀት ይናገራል። ሁለተኛው ታፍ የሚባለው የማረፊያው ትንበያ ነው። ስንት ነዳጅ ይያዝ፣ ተለዋጩ የት ይሁን የሚለው የሚወሰነው እነዚህን አይቶ ነው።

የእሳተ ገሞራ አመድ

አመድ በጥብቅ ከተነገረ የአየር ጠባይ አይደለም። የሚጓዘው ግን በነፋስ ነው፤ የሚከታተሉትም የሜትሮሎጂ ማዕከላት ናቸው። ሞተር ውስጥ ሲገባ ቀልጦ ይጣበቃል፣ ሞተሩንም ሊያጠፋው ይችላል። በሚያዝያ 2002 ዓ.ም. የአይስላንዱ እሳተ ገሞራ ወደ 100,000 የሚጠጉ በረራዎችን አሰርዟል። በሰኔ 2003 ዓ.ም. ኤርትራ ውስጥ ናብሮ ሲፈነዳ አዲስ አበባ የነበሩት የአሜሪካ ውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሂላሪ ክሊንተን ጉብኝታቸውን አሳጥረው ለመሄድ ተገደዋል። ኅዳር 14 ቀን 2018 ዓ.ም. ደግሞ ተራው የእኛው አፋር ሆነ። ኃይሊ ጉቢ ፈነዳ። አመዱ 14 ኪሎ ሜትር ያህል ወጥቶ በቀይ ባሕር፣ በየመንና በኦማን አልፎ ሕንድ ደረሰ። እዚያ ኤር ኢንዲያና አካሳ ኤር በረራ ሰርዘዋል።

ከሀገር ውጭ

ቦሌ ፀሐይ ወጥቶ እያለ በረራ ሊሰረዝ ይችላል፤ መድረሻው ተዘግቶ ይሆናላ። ለኢትዮጵያውያን ተጓዦች ሁለት ቦታዎች ጎልተው ይታያሉ። አንዱ ዱባይ ነው። ሚያዝያ 8 ቀን 2016 ዓ.ም. ምዝገባ ከተጀመረበት ከእ.ኤ.አ. 1949 ወዲህ ያልታየ ዝናብ ወርዶ ማረፊያውን አጥለቀለቀው። በጥቂት ቀናት ውስጥ ከ1,000 በላይ በረራዎች ተሰረዙ። ሌላው የዋሽንግተን ዳላስ በረዶ ነው። በጥር 2002 ዓ.ም. መጨረሻ በሁለት ቀን 82 ሴንቲ ሜትር ገደማ ጥሏል።

የተሳፋሪው መብት

ኢትዮጵያ የዓለም አቀፍ በረራ አጓጓዦችን ኃላፊነት የሚወስነው የሞንትሪያል ስምምነት አባል ናት። በስምምነቱ አጓጓዡ በመዘግየት ለደረሰ ጉዳት ይጠየቃል። ማድረግ የሚገባውን ሁሉ ማድረጉን ካስረዳ ግን ነፃ ይሆናል፤ መጥፎ አየር አብዛኛውን ጊዜ እዚህ ውስጥ ይገባል። በአውሮፓ ኅብረት ሕግ (ቁጥር 261/2004) መሠረት በአየር ጠባይ ለተሰረዘ በረራ ከ250 እስከ 600 ዩሮ የሚደርሰው ካሳ አይከፈልም። ምግብ፣ ሆቴል፣ ሌላ በረራ ወይም የቲኬት ገንዘብ ግን ይገባል። ሕጉ ከኅብረቱ አባል ሀገራት የሚነሳን ማንኛውንም አየር መንገድ ይመለከታል። ስለዚህ ከፍራንክፈርት ወይም ከስቶክሆልም ወደ አዲስ አበባ የሚመጣ ሰውም ይህን መጠየቅ ይችላል። በአሜሪካ ደግሞ ከእ.ኤ.አ. 2024 መጨረሻ ጀምሮ በረራው ከተሰረዘ ወይም ዓለም አቀፉ 6 ሰዓት፣ የሀገር ውስጡ 3 ሰዓት ከዘገየ፣ የተሰጠውን አማራጭ ያልተቀበለ ተሳፋሪ ገንዘቡ ይመለስለታል። ምክንያቱ ጉም ይሁን በረዶ ለውጥ የለውም።