«አቦ ስጪውና ዝም ይበል!» ስለ ሕፃናት ንዴት የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

«ሆን ብሎ ሊያበሽቀኝ ነው»

ከዓመት ተመንፈቅ እስከ 4 ዓመት ያለ ልጅ ፍላጎቱ ከአንደበቱ ይቀድማል፤ ራሱን የመግታት አቅሙም ገና ነው። ረሃብ፣ እንቅልፍና ሙቀት ሲደረቡበት ይፈነዳል። ድሬዳዋ ላይ በቀትር ልጅ ይዞ ወደ ከፊራ ገበያ መውጣት ለቅሶ መጥራት ነው። ገበያውን ማለዳ አድርጉት፤ ውኃና ቁራሽ ዳቦ ያዙ። የ1 እና የ2 ዓመት ልጅ የቀኑን ጨምሮ በ24 ሰዓት ውስጥ ከ11 እስከ 14 ሰዓት፣ ከ3 እስከ 5 ዓመት ያለው ከ10 እስከ 13 ሰዓት እንቅልፍ ያስፈልገዋል። ነፋሻውን ፍለጋ ደጅ ያመሸ ልጅ በማግስቱ ቢነጫነጭ አይፈረድበትም።

«ለዛሬ ብቻ ልስጠው»

ቤት የሚያፈርሰው ይህኛው ነው። ሁለት ጊዜ «አይሆንም» ተብሎ በሦስተኛው ሙሸበክ (ጣፋጩ) የተገዛለት ልጅ የሚማረው «ገና አልጮህኩም ማለት ነው» የሚለውን ነው። አንዳንዴ መስጠት ሁልጊዜ ከመስጠት ይብሳል፤ የትኛው ጩኸት እንደሚሠራ ስለማያውቅ ሁሉንም ይሞክራል።

ሱቅ በር ላይ ተዘርግቶ ቢጮህ መጀመሪያ ከባጃጅ መንገድ አንሱት። ቁጢጥ በሉና በዝግታ «ሙሸበክ አምሮሃል፤ ዛሬ አንገዛም» በሉት። ከዚያ ዝም። በዚያ ሰዓት ምክርም ልመናም ጆሮው አይገባም። አጠገቡ ሁኑ፤ ብዙውን ጊዜ በጥቂት ደቂቃ ይበርዳል። ሲበርድለት እቀፉት፣ ውኃ ስጡት፣ መንገድ ቀጥሉ። ሙሸበኩ ግን አሁንም አይገዛም።

መስጠት ባቆማችሁ ሰሞን ጩኸቱ ይብሳል፤ ወላጅ የሚሸነፈውም እዚያው ላይ ነው። አያት አንጀቷ አልችል ብሎ በጓዳ ከሰጠችው ደግሞ ልፋቱ ሁሉ ከንቱ ነው። ቀድማችሁ ተነጋገሩ፤ ከለቅሶው በኋላ ማቀፉ የእሷ ድርሻ ይሁን።

«ጅቡ መጣልህ ካልተባለ አይሰማም»

ሐረር ላይ ይህ ማስፈራሪያ ይከብዳል፤ ጅቡ ማታ ከጀጎል ግንብ ሥር ሥጋ ሲጎርስ የሚታይ እውነተኛ አውሬ ነው። የፈራ ልጅ ዝም ይላል እንጂ አይረጋጋም፤ ሌሊት ይባንናል፣ ብቻውን ሽንት ቤት መሄድ እምቢ ይላል። ዱላም ያው ነው፤ የተናደደ ሰው እንደሚማታ ያሳየዋል፣ እሱም በታናሹ ላይ ይሞክረዋል።

«ታላቅ ስለሆንክ ልቀቅለት»

ታላቁ ቂም ይይዛል፣ ታናሹም ማልቀስ እንደሚያዋጣ ያውቃል። «ማን ጀመረ?» ብላችሁ አትፍረዱ፤ ሁለቱም ይምላሉ። ከተማቱ ለዩዋቸው። ኳስ ከሆነ የጠቡ ምክንያት፣ ኳሱን ያዙና በስልክ 5 ደቂቃ ሞልታችሁ በተራ ስጡ። ታላቁ ብቻውን የሚያዝበት፣ ታናሹ የማይደርስበት አንድ መደርደሪያ ይኑረው።

«ትንፋሹ ሲጠፋ መነቅነቅ ነው»

አንዳንድ ሕፃን በለቅሶ መሃል ትንፋሹ ቆሞ ከንፈሩ ይጠቁራል፤ ራሱን የሚስትም አለ። አትነቅንቁት፣ አንጎሉ ሊጎዳ ይችላል። በጎኑ አስተኙት፤ አፉ ውስጥ ጣትም ውኃም አታስገቡ። አብዛኛውን ጊዜ 1 ደቂቃ ሳይሞላ ራሱ ይተነፍሳል። የመጀመሪያው ከሆነ በዚያው ቀን ለሐኪም አሳዩትና የብረት እጥረት እንዳለበት ይታይለት፤ እጥረቱ ይህን ያባብሳልና። ከ1 ደቂቃ ካለፈ፣ ወይም ልጁ ገና 6 ወር ካልሞላው፣ ሳትውሉ ሳታድሩ ሆስፒታል አድርሱት።