አሲክስ፦ ከኦኒትሱካ ታይገር እስከ ሜታስፒድ

አሲክስ መነሻው የጃፓኗ የወደብ ከተማ ኮቤ የሆነ የስፖርት ጫማ አምራች ነው። የመሠረተው የቀድሞው የጦር መኮንን ኪሃቺሮ ኦኒትሱካ (1918–2007) ሲሆን፣ ዓመቱም 1949 ነበር (እዚህ ያሉት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። አገሪቱ በጦርነት ደቅቃ፣ ወጣቱ የሚይዘው አጥቶ ነበር። ኦኒትሱካ ልጆቹን በስፖርት ማነጽ ይቻላል ብሎ አመነ። የጫማ ሙያ ግን አልነበረውም፤ ከዜሮ መማር ነበረበት።

ለጅማሬ የመረጠው ከሁሉ የሚከብደውን፣ የቅርጫት ኳስ ጫማን ነው። ተጫዋቹ ይሮጣል፣ በድንገት ይቆማል፣ ይዞራል፣ ይዘላል፤ ሶሉ ወለሉን ካልያዘለት ይንሸራተታል። በ1950 የወጣው የመጀመሪያ ጫማ አልተሳካም። መፍትሔው በማግስቱ ዓመት ከማዕድ ላይ ተገኘ፦ ኦኒትሱካ ኦክቶፐስ የገባበት የኪያር ሰላጣ ሲበላ የኦክቶፐሱ እግር ከሳህኑ ጋር ተጣብቆ አየና፣ መምጠጫዎቹን አስመስሎ ሶሉን አጎደጎደው። መጀመሪያ ከልክ በላይ ያዘ፤ እግር ቀጥ ሲል ሰውነት ወደፊት ስለሚቀጥል ተጫዋቾቹ ይወድቁ ነበር። የጉድጓዶቹ ጥልቀት ሲቀነስ ጫማው ልክ መጣ። የንግድ ምልክቱም “ታይገር” ተባለ።

ቀጣዩ ጥያቄ የማራቶን ሯጮች እግር ለምን ውሃ ይቋጥራል የሚለው ነበር። ኦኒትሱካ የሕክምና ባለሙያ አማክሮ የተረዳው ነገር ቀላል ነው፦ እግር መሬትን በመታ ቁጥር ሙቀት ይፈጠራል፣ ጫማው ውስጥ ይታመቃል፣ ቆዳውም እንደተቃጠለ ይሆናል። ስለዚህ ሙቀቱ መውጫ ያስፈልገዋል። ሞተር እንዴት እንደሚቀዘቅዝ አስተውሎ በ1960 ገደማ “ማጂክ ራነር”ን ሠራ። ከፊትና ከጎን ቀዳዳዎች አሉት፤ እግር ሲነሳ ቀዝቃዛ አየር ይገባል፣ ሲያርፍ የሞቀው ተገፍቶ ይወጣል። ዛሬ የአብዛኛው መሮጫ ጫማ የላይኛው ክፍል ወንፊት መሰል ጨርቅ መሆኑ ከዚሁ አሳብ ጋር ይዛመዳል።

የአበበ ቢቂላ ታሪክ ከዚህ ጋር ይገናኛል። አበበ ሮምን በባዶ እግሩ ባሸነፈ ማግስት፣ ሰኔ 1961 ለማይኒቺ ማራቶን ኦሳካ ሲገባ ኦኒትሱካ ማረፊያው ድረስ ሄዶ ጫማ እንዲያደርግ ለመነው። አበበ አላስፈልገኝም አለ። ኦኒትሱካ ግን የጃፓን መንገድ ላይ የጠርሙስ ስባሪ አለ ብሎ ተሟገተና አሳመነው። አበበም በኦኒትሱካ ጫማ ሮጦ በ2:29:27 አሸነፈ። በ1964 ቶኪዮ ላይ ያደረገው ፑማ ስለነበር፣ ሁለቱን ውድድሮች ማምታታት አይገባም።

በ1962 ፊል ናይት የተባለ ወጣት አሜሪካዊ ኮቤ ድረስ መጥቶ ታይገርን አሜሪካ ልሽጥ አለ። በ1964 ከአሠልጣኙ ቢል ባወርማን ጋር እያንዳንዳቸው 500 ዶላር አዋጥተው ብሉ ሪበን ስፖርትስን አቋቋሙ፤ በመጀመሪያው ዓመት 1,300 ጥንድ ያህል ሸጡ። ባወርማን ጫማ እየፈታ የሚመረምር ሰው ነበር፤ ከተረከዝ እስከ ጣት ድረስ ስፖንጅ የተነጠፈበት “ኮርቴዝ” የእርሱ አሳብ ነው። ሽርክናው በ1970ዎቹ መጀመሪያ ፈረሰና አሜሪካውያኑ ናይኪ ሆኑ። በኮርቴዝ ላይ የተካሰሱበት ጉዳይ ሲቋጭ ሁለቱም ጫማውን መሥራት ተፈቀደላቸው፤ ኮርቴዝ የሚለው ስም ለናይኪ ሲቀር፣ የኦኒትሱካው “ኮርሴር” ተባለ።

ዛሬም ከጫማዎቹ ጎን ላይ የሚታዩት የተጠላለፉ መስመሮች ለሜክሲኮ ኦሊምፒክ ሲዘጋጁ በ1966 የመጡ ናቸው። ፊንላንዳዊው ላሴ ቪረን በ1976 ሞንትሪያል 10,000 ሜትርን ያሸነፈው በታይገር ነው፤ ምሩጽ ይፍጠር በአፍሪካ አገሮች አድማ ምክንያት ያልተሰለፈበት ውድድር መሆኑ ዛሬም ይቆጫል።

በ1977 የኦኒትሱካ ኩባንያ ጂቲኦና ጄለንክ ከተባሉ ሁለት ኩባንያዎች ጋር ሲዋሐድ “ጤናማ ነፍስ በጤናማ አካል” ከሚለው የላቲን አባባል የቃላት መነሻ ፊደላት “አሲክስ” ተሠራ። በ1986 የመጣው ጄል ሲሊኮን ላይ የተመሠረተ ለስላሳ ቁስ ነው፤ ከተረከዝ ሥር ተቀምጦ የማረፊያውን ግፊት ይውጣል። ጄል የተጨመረበት ምክንያት ግልጽ ነው፦ በመሃል ሶል ውስጥ ያለው ስፖንጅ በጥቃቅን የአየር አረፋዎች የተሞላ ስለሆነ በተደጋጋሚ ሲረገጥ ይሟሽሻል። ጉዳቱ ክብደቱ ነው፤ ስለዚህ የውድድር ጫማ ላይ አይበዛም። በ1993 በዲዛይነሩ ስም የወጣው ጄል ካያኖ ደግሞ እግራቸው ወደ ውስጥ ለሚያጋድል ሯጮች የታሰበ ነው፤ ለረጅም ዓመታት የውስጠኛው ጎን ስፖንጅ ከውጪኛው እንዲጠነክር ተደርጎ ይሠራ ነበር።

ትልቁ ውድቀት የመጣው ከ2017 በኋላ ነው። ተፎካካሪዎች ወፍራም ሶል ውስጥ ከካርቦን የተሠራ ቀጭንና ጠንካራ ዝርግ ሲያስገቡ አሲክስ ዘገየ። በጥር 2021 በተካሄደው፣ በጃፓን እጅግ ተወዳጅ በሆነው የሃኮኔ የዩኒቨርሲቲዎች ዱላ ቅብብል ከ210 ሯጮች አንድም አሲክስ አላደረገም፤ ለአንድ የጃፓን ጫማ ሠሪ ከዚህ የሚብስ ቀን አይታሰብም። በዚያው ዓመት ሜታስፒድ የተባለው የአሲክስ የካርቦን ጫማ በሁለት ዓይነት ወጣ፦ “ስካይ” እርምጃቸውን በማስረዘም ለሚፈጥኑ፣ “ኤጅ” ደግሞ እርምጃቸውን በማብዛት ለሚፈጥኑ። የሁለቱም ሶል ውፍረት የዓለም አትሌቲክስ ለጎዳና ሩጫ ካስቀመጠው የ40 ሚሊ ሜትር ጣሪያ አያልፍም።