ፍሬን የሌለው ሞተርና የተሸጠው ሜዳ፦ ስለ እንግሊዝ ስፒድዌይ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ምስራቅ ለንደን ውስጥ ኩስተም ሃውስ የሚባል ሰፈር አለ። ኤክሴል የተባለው ትልቅ የኤግዚቢሽን አዳራሽ ያለበት አካባቢ ነው። በአካባቢው ባሉት የመኖሪያ ቤቶች መሀል ስታልፉ የመንገዶቹን ስም ልብ ብላችሁ አንብቡ። ዊልኪንሰን ሮድ። ያንግ ሮድ። ክሩምብስ ሮድ። አትኪንሰን ሮድ። ሆስኪንስ ክሎዝ። የጄኔራሎች ወይም የከንቲባዎች ስም ይመስላል። አይደለም። አራቱ ሞተረኞች ናቸው፤ አምስተኛው የውድድር አዘጋጅ ነው። እስከ 1972 ድረስ እዚያው መሬት ላይ የዌስትሃም ስፒድዌይ (የሞተር ብስክሌት ሽቅድምድም) ስታዲየም ነበር። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

እኔ ስፒድዌይ እወዳለሁ። በተለይ የድሮዎቹን ቡድኖችና ሞተረኞች ታሪክ አንብቤ አልጠግብም። ለሰው ሳወራ ግን የሚመለስልኝ መልስ ሁሌም ተመሳሳይ ነው። አንዱ «የእብዶች ጨዋታ» ይለኛል፤ ሌላው «ድሮ የሞተ ነገር» ይለኛል። ስለዚህ እነዚህን አባባሎች አንድ በአንድ ልሂድባቸው።

ለማያውቅ ሰው ጨዋታው እንዲህ ነው። አራት ሞተረኞች በሞላላ የአፈር መም ላይ አራት ዙር ይሽቀዳደማሉ። እንደ አትሌቲክስ ሁልጊዜ ወደ ግራ ነው የሚታጠፈው። አንዱ ሽቅድምድም አንድ ደቂቃ ገደማ ይፈጃል። አንደኛ የወጣው 3 ነጥብ፣ ሁለተኛው 2፣ ሦስተኛው 1 ያገኛል። የመጨረሻው ባዶ እጁን ይመለሳል።

«ፍሬን የሌለው ሞተር? እነዚህስ ለይቶላቸዋል!»

ሞተሩ ፍሬን እንደሌለው እውነት ነው። 500 ሲሲ፣ አንድ ሲሊንደር፣ የሚቀያየር ማርሽ የለም፣ ፍሬን የለም። ግን ፍሬኑ የቀረው በእብደት ሳይሆን ለደህንነት ነው። አራት ሰው ተጠጋግቶ ወደ አንድ መታጠፊያ ሲገባ አስቡት። የፊተኛው ድንገት ፍሬን ቢይዝ ከኋላ ያለው በላዩ ላይ ይወጣበታል። ማንም ፍሬን ከሌለው ግን ሁሉም የሌላውን ፍጥነት መገመት ይችላል።

ታዲያ እንዴት ይታጠፋሉ? እስቲ አንዱን መታጠፊያ ቀስ ብለን እንየው። ሞተረኛው በግራ እግሩ ቦት ጫማ ስር የብረት ጫማ አስሯል። መነሻው ላይ ፍሪሲዮኑን በጣቱ ይዞ ሞተሩን ያስጮኸዋል። ከፊቱ የተወጠረው ገመድ ተስፈንጥሮ ወደ ላይ ሲወጣ ፍሪሲዮኑን ይለቃል፤ የኋላ ጎማው አፈሩን እየቆፈረ ይወረወራል። መታጠፊያው ጋ ሲደርስ እኔና እናንተ ቤንዚን እንቀንስ ነበር። እሱ ይጨምራል። ኃይሉ ሲበዛ የኋላ ጎማው መያዙን ትቶ ወደ ውጭ ይንሸራተታል። መንገዱ ወደ ግራ እየታጠፈ የፊት ጎማው ወደ ቀኝ ዞሯል። የብረት ጫማው መሬቱን እየፋቀ ይሄዳል። ያ መንሸራተት ነው ፍሬኑ። ከኋላ ያሉት ደግሞ አፈሩን በፊታቸው ይቀበላሉ።

ነዳጁ ቤንዚን ሳይሆን ሜታኖል ነው። በድሮው ዘመን ሞተሩ የሚቀባው ከጉሎ ፍሬ በሚሠራ ዘይት ነበር። የዚያ ዘመን ተመልካቾች ውጤቱን ቢረሱ እንኳ የተቃጠለውን የጉሎ ዘይት ሽታ አይረሱም።

አደጋ የለም አልልም። የሊቨርፑሉ ፒተር ክሬቨን በ1955 እና በ1962 የዓለም ሻምፒዮን ሆኗል። ትንሽዬ ሰው ነበር፤ ሚዛን አጠባበቁን አይቶ ያልተደነቀ የለም። በመስከረም 1963 ለማንቸስተሩ ቤል ቪው ሲጋልብ ኤድንብራ ላይ ከፊቱ የወደቀን ተወዳዳሪ ላለመምታት ሲል አጥሩን መታ። ከአራት ቀን በኋላ ሞተ። 29 ዓመቱ ነበር። ስሙን ሳነሳ አሁንም ሆድ ይብሰኛል።

«እያንዳንዱ ለራሱ ነው የሚነዳው፤ ቡድን ምን ያደርጋል?»

ይሄን የሚለው በቴሌቪዥን የዓለም ሻምፒዮናውን ብቻ ያየ ሰው ነው። እንግሊዝ ውስጥ የስፒድዌይ ልብ ሊጉ ነው። ልክ እንደ ኳስ በሜዳህና ከሜዳህ ውጭ ትጫወታለህ። ከእያንዳንዱ ቡድን ሁለት ሁለት ሰው ይሰለፋል። ባለሜዳዎቹ ቀይና ሰማያዊ ሄልሜት፣ እንግዶቹ ነጭና ቢጫ ያደርጋሉ። የአንድ ቡድን ሁለት ሰዎች አንደኛና ሁለተኛ ከወጡ 5 ለ 1 ይባላል። ከዚያ በላይ ውጤት የለም።

ጥበቡ ያለው እዚህ ላይ ነው። ፈጣኑ ሞተረኛ ብቻውን ጥሎ መሄድ ይችላል። ጥሩ የቡድን ሰው ግን ዞር ብሎ አይቶ ፍጥነቱን ይቀንሳል። ውጪውን ይዞ ጓደኛውን በውስጥ ያሳልፈዋል። ከዚያ ጎን ለጎን ሆነው መንገዱን ይዘጋሉ። በዚያ ፍጥነት፣ ያለ ፍሬን! ተመልካቹም በዝምታ አያይም። ፕሮግራም የምትባለውን ትንሽ መጽሔት ገዝቶ፣ እስኪርቢቶውን ይዞ ከእያንዳንዱ ሽቅድምድም በኋላ ነጥቡን ይሞላል። ለብዙ ዓመታት አንድ ግጥሚያ 13 ሽቅድምድም ነበረው። ስለዚህ 13 መስመር። ዛሬ የድሮ ፕሮግራም የሚሰበስቡ ሰዎች አሉ። እኔን የሚማርከኝ ግን ያልተጻፈበት ንጹሕ ቅጂ አይደለም። አንድ የማላውቀው ሰው ዝናብ እየመታው የሞላው ነው።

«መቼም የጥቂት ሰዎች ጨዋታ ነበር»

ጥቂት? ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የዌምብሊ ሜዳ የሚሞላው ለዋንጫ ፍጻሜ ብቻ አልነበረም። በየሐሙስ ምሽቱ ዌምብሊ ላየንስ የሚባለው የስፒድዌይ ቡድን ይወዳደርበት ነበር። ከ50 ሺህ በላይ ሰው የገባበት ተራ ሐሙስ አለ። የ1938ቱን የዓለም ሻምፒዮና ፍጻሜ ከ90 ሺህ በላይ ሰው አይቶታል። ላየንስ ከ1946 እስከ 1953 ባሉት ስምንት ዓመታት ሰባት ጊዜ ሊጉን ወስደዋል። ከዚህ ሁሉ በስተጀርባ ሰር አርተር ኤልቪን ነበር። በ1924ቱ የዌምብሊ ኤግዚቢሽን ላይ በትንሽ ኪዮስክ ሲጋራ ይሸጥ የነበረ ሰው ነው። በኋላ ስታዲየሙን ራሱን ያዘው። በ1957 ሲሞት ቡድኑም አብሮት ተዘጋ። በ1970 ተመልሶ የቆየው ሁለት ዓመት ብቻ ነው።

ገንዘቡንም አስቡት። በ1947 የአንድ ፕሮፌሽናል ኳስ ተጫዋች ሳምንታዊ ደመወዝ በደንብ የተገደበ ነበር፤ ጣሪያው 12 ፓውንድ ነው። ሞተረኛው ግን በጀመረው ሽቅድምድምና ባገኘው ነጥብ ልክ ይከፈለዋል። ታዋቂዎቹ ከኳሰኞቹ በእጅጉ የተሻለ ያገኙ ነበር።

«የእንግሊዞች ፈጠራ ነው፤ ሻምፒዮኖቹም እነሱ ናቸው»

ሁለቱም አይደለም። ተደጋግሞ የሚነገረው ታሪክ ወደ አውስትራሊያ ይወስደናል። ታኅሣሥ 15 ቀን 1923፣ ዌስት ሜትላንድ የምትባል ከተማ፣ ጆኒ ሆስኪንስ የሚባል የኒውዚላንድ ተወላጅ ያዘጋጀው የሞተር ውድድር። ያ ሰው ነው ኩስተም ሃውስ ውስጥ ስሙ የቀረው። ሆስኪንስ ጨዋታ አዋቂ ነበር፤ ታሪኩን ባወራ ቁጥር ታሪኩም አብሮ አደገ። እውነቱ ከዚያ በፊትም አውስትራሊያና አሜሪካ ውስጥ በአፈር መም ላይ በሞተር ይወዳደሩ ነበር። አንድ ምሽትና አንድ ሰው የፈጠረው ስፖርት አይደለም። ሆስኪንስ ግን ወደ እንግሊዝ መጥቶ ትልቅ ካደረጉት ሰዎች አንዱ ነው።

እንግሊዝ ውስጥ መጀመሪያ ተብሎ የሚከበረው የካቲት 19 ቀን 1928 ነው፤ ከለንደን ወጣ ብሎ ባለው ኤፒንግ ጫካ፣ ሃይ ቢች። አዘጋጆቹ ጥቂት ሺህ ሰው ይመጣል ብለው ነበር። ወደ 30 ሺህ እንደመጣ ይነገራል። ሰዉ መሙ ድረስ ገብቶ ቆመ። ግን በ1927 ካምበርሊ እና ማንቸስተር አጠገብ ባለችው ድሮይልስደን ውድድር ተደርጓል። የካምበርሊዎቹ እንዲያውም በተቃራኒው አቅጣጫ፣ ወደ ቀኝ ነው የዞሩት።

ሻምፒዮኖቹስ? የዓለም ሻምፒዮና በ1936 ዌምብሊ ላይ ሲጀመር ያሸነፈው አውስትራሊያዊው ላየነል ቫን ፕራግ ነው። በዚያ ምሽት የሆነው ነገር ዛሬም ያንገበግበኛል። የዌስትሃሙ ብሉይ ዊልኪንሰን፣ እሱም አውስትራሊያዊ፣ አምስቱንም ሽቅድምድሞቹን አሸነፈ። አምስት ከአምስት! የወጣው ግን ሦስተኛ ነው። ከማጣሪያው ይዘውት የመጡት ተጨማሪ ነጥብ ይደመር ስለነበር ያልተሸነፈው ሰው ዋንጫውን አጣ። ቫን ፕራግና እንግሊዛዊው ኤሪክ ላንግተን እኩል ሆነው በመለያ ሽቅድምድም ነው ያለቀው። ዊልኪንሰን በ1938 ዋንጫውን አገኘ። በ1940 ሲድኒ ውስጥ፣ በተራ የመኪና መንገድ ላይ በደረሰ አደጋ ሞተ። ዊልኪንሰን ሮድ የእሱ ነው።

በ1937 ደግሞ ከአንደኛ እስከ ሦስተኛ የወጡት ሦስቱም አሜሪካውያን ናቸው። የመጀመሪያው እንግሊዛዊ ሻምፒዮን ቶሚ ፕራይስ ነው፤ ያውም በ1949። ያንግ ሮድ የማን እንደሆነ ካላችሁ፣ አውስትራሊያዊው ጃክ ያንግ በ1951 ሲያሸንፍ ኤድንብራን ወክሎ በሁለተኛው ዲቪዚዮን ነበር የሚወዳደረው። በ1952 ደግሞ የዌስትሃም ሰው ሆኖ ደገመው። ከዚያ በኋላ የመጡት ኒውዚላንዳውያን፣ ሮኒ ሙር፣ ባሪ ብሪግስ፣ አይቫን ሞገር፣ ሦስቱ ብቻ 12 የዓለም ዋንጫ ወስደዋል። ስድስቱ የሞገር ናቸው። ሞገር በ1957 በጎረምሳነቱ ለንደን ወዳለው የዊምብልደን ቡድን መጥቶ ሳይሳካለት ወደ ሀገሩ ተመልሷል። በ1963 በኒውካስል በኩል እንደገና ሞከረ። እንደዚያ ያለ ሰው ነው።

ግን ልብ በሉ፤ እነዚህ «የውጭ ሰዎች» የየከተማው ልጆች ነበሩ። ደጋፊው በየሳምንቱ ያያቸዋል፣ በስማቸው ይጠራቸዋል፣ ሲወድቁ ይደነግጣል። ለዌስትሃም ደጋፊ ዊልኪንሰን የአውስትራሊያ ሰው አልነበረም። የእሱ ሰው ነበር።

«ሴት ሞክራው አታውቅም»

ሞክራለች፤ አሸንፋለችም። አየርላንዳዊቷ ፌይ ቴይለር ከ1928 ጀምሮ እንግሊዝ ውስጥ፣ ከዚያም አውስትራሊያና ኒውዚላንድ ሄዳ ስመ ጥር ወንዶችን በሞተር ቀድማለች። እንግሊዛዊቷ ኢቫ አስክዊዝም ነበረች። በ1930 ሴቶች በእንግሊዝ መም ላይ እንዳይወዳደሩ ተከለከሉ። ቴይለር ወደ መኪና ውድድር ገባች። አልቻሉም ተብሎ የሚነገረው ስህተት ነው፤ ተከልክለው ነው።

«ሰው ሰለቸውና ሞተ»

ከሁሉ የሚያናድደኝ ይሄኛው ነው። በ1950ዎቹ ተመልካች መቀነሱ እውነት ነው። ቴሌቪዥን መጣ፤ ከቲኬቱ ላይ የሚቆረጠው የመዝናኛ ግብርም ከባድ ነበር። በ1957 የቀረው አንድ ሊግ ብቻ ነው። ግን ስፖርቱ ተነሳ። በ1960 ትንንሽ ቡድኖችን የያዘ አዲስ ሊግ ተቋቋመ፤ በ1965 ሁለቱ ወገኖች ተዋህደው 18 ቡድን ያለው ብሪቲሽ ሊግ ሆኑ። የመጀመሪያውን ዋንጫ የወሰደው ዌስትሃም ነው። በ1976 የቤል ቪው ልጅ ፒተር ኮሊንስ በፖላንዷ ሆዡፍ ከተማ የዓለም ሻምፒዮን ሆነ። በ1981 ለመጨረሻው የዌምብሊ ፍጻሜ 90 ሺህ ገደማ ሰው መጣ። የሰለቸው ሰው እንዲህ አይሰለፍም።

ችግሩ መሬቱ ነው። አብዛኞቹ ቡድኖች የራሳቸው ስታዲየም አልነበራቸውም። ስታዲየሙ የውሻ እሽቅድምድም የሚያካሂደው ኩባንያ ወይም የሌላ ባለንብረት ነው፤ ሞተረኞቹ ተከራይ ናቸው። ከተማ ሲያድግ፣ መሬት ሲወደድ ባለቤቱ ይሸጣል። ተከራዩ ደጋፊ ቢኖረውም ባይኖረውም ይወጣል። የዌስትሃም ስታዲየም በ1972 ፈርሶ ቤት ተሠራበት። የዊምብልደን ቡድን ሜዳ የነበረበት ቦታ ላይ ዛሬ የኳስ ስታዲየም አለ። የኮቨንትሪ ቡድን ብራንደን የተባለውን ስታዲየሙን ለቆ የወጣው በ2016 መጨረሻ ነው። ስዊንደን የመጨረሻ ዓመቱን በ2019 ተወዳደረ። በ2023 ደግሞ ዎልቨርሃምፕተንና ፒተርቦሮ ሁለቱም ሜዳቸውን አጡ።

የቤል ቪው ግን ሌላ ነው። ቤል ቪው የአራዊት ፓርክና መዝናኛ ያለበት ትልቅ ግቢ ነበር፤ የስፒድዌይ ሜዳው ሃይድ ሮድ ላይ በ1929 ተከፈተ። ለ58 ዓመት ሞተር ጮኸበት። በ1987 ተሸጠ፤ የመጨረሻው ውድድር ኅዳር 1 ቀን ተደረገ። ቡድኑ ግን አልፈረሰም። እዚያው አቅራቢያ ወዳለ የውሻ መሮጫ ሜዳ ገብቶ ወደ ሠላሳ ዓመት ጠበቀ። በ2016 ማንቸስተር ውስጥ ለስፒድዌይ ተብሎ የተሠራ ብሔራዊ ስታዲየም ተከፈተለት። በ2021 የታላቋ ብሪታንያ ቡድን በዚያው ሜዳ የዓለም የቡድን ሻምፒዮን ሆነ፤ ከ1989 ወዲህ የመጀመሪያው ነው። በ2022 ቤል ቪው ራሱ ሊጉን ወሰደ።

ዛሬም በዚያ ስታዲየም ገመዱ ከመነሳቱ በፊት መቀመጫዎቹን ብታዩ፣ ፕሮግራሙን ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ፣ እስኪርቢቶ ጣቶቹ መሀል ይዞ የሚጠብቅ ሰው አታጡም።