«አውቆ ነው!» ምንድን ነው?

ድሬዳዋ ሙቀቱ በረድ ሲል ከዚራ ሰፈር እህቴ ቤት ቡና አለ። ባለፈው እሁድ ትልቋ ልጇ ሲኒዎቹን በትሪ ይዛ ስትመጣ የምንጣፉ ጫፍ ጠለፋት። ስድስቱም ረገፉ። የአምስት ዓመቱ ወንድሟ ወዲያው ፈረደ፦ «አቦ፣ ስድስት ሰበረች! ትገረፍ!»

ደቻቱ ወንዝ አሸዋ ላይ ብይ የሚጫወቱ ልጆች ሲጣሉ አንዱ «አውቆ ነው!» ይላል፤ ሌላው «አውቄ አይደለም!» ብሎ ይምላል። ጥፋትን በደረሰው ጉዳት ሳይሆን በአጥፊው ሐሳብ መመዘን ማለት ነው። ይህ ሚዛን ልጅ ውስጥ ቀስ እያለ ይበስላል።

የስዊሱ የሥነ ልቦና ሊቅ ዣን ፒያዤ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1932 ባሳተመው ጥናት ለልጆች ሁለት ታሪክ ያወራላቸው ነበር። አንዱ ልጅ ለምግብ ተጠርቶ በሩን ሲከፍት፣ ከበስተጀርባው መኖራቸውን ያላወቃቸውን 15 ኩባያዎች ይሰብራል። ሌላው ማርማላታ ሊሰርቅ ሲንጠራራ 1 ኩባያ ይሰብራል። ማን ባሰ? ከትናንሾቹ ብዙዎቹ ባለ 15ቱን አሉ። ወደ 9 እና 10 ዓመት የተጠጉት ግን ሌባውን። (ፒያዤ ስለ ብይም ብዙ ጠይቋል፤ የድሬ ልጆችን ቢያገኝ ሥራ አይፈታም ነበር።)

ሐሳብን ለመመዘን መጀመሪያ የሰው ሐሳብ ከራስ እንደሚለይ መረዳት ያስፈልጋል። በዚያው አቆጣጠር በ1983 የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ ዊመርና ፐርነር ይህን በቸኮላት ፈተኑት። ልጁ ቸኮላቱን አስቀምጦ ይወጣል። እሱ በሌለበት እናቱ ቦታ ትቀይርበታለች። ሲመለስ የት ይፈልጋል? የ3 ዓመት ልጆች ባብዛኛው አሁን ያለበትን ቦታ ይጠቁማሉ። እነሱ አይተዋላ! ከ4 ዓመት በኋላ ግን «እሱ እኮ አላየም» ማለት ይጀምራሉ። ይህ ያልገባው ልጅ «ምንጣፉን አላየሁትም» የሚል ምክንያት እንዴት ይገባዋል?

ፒያዤ ግን ትንንሾቹን ትንሽ ሳይበድላቸው አልቀረም። 15 እና 1 ሲቀርብለት የማይደናገር ማን ነው? በኋላ የመጡ ጥናቶች የአጥፊው ሐሳብ በግልጽ ሲነገራቸው የ3 ዓመት ልጆችም እንደሚያገናዝቡት አሳይተዋል።

ፒያዤ ራሱ ከፊሉን ጥፋት የጣለው በወላጆች ላይ ነው። በተሰበረው ብዛት ልክ ስንቆጣ ልጁም ብዛቱን ይይዛል። እኔም ትንሹን የእህቴን ልጅ ለመውቀስ አፌን ከፍቼ ተውኩት። ሲኒዎቹ እንደረገፉ የእህቴ የመጀመሪያ ቃል «ስንት ሰበርሽ?» ነበር።