«ብሬከሩ ጣለ» ማለት ምን ማለት ነው?

ከጥቂት ዓመታት በፊት አምስት ቤተሰብ በአንድ ቆጣሪ የሚጠቀምበት ግቢ ውስጥ ተከራይቼ ነበር። ቅዳሜ የእንጀራ ቀን ነው። ምጣዱ ይግላል፣ አራት አምስት እንጀራ ይወጣል፣ ከዚያ ቷ! ግቢው ጭልም ይላል። ወዲያው የአከራያችን ድምፅ ይከተላል፤ «ማነው ደግሞ ምድጃ የለኮሰው?» ማንም አይመልስም። አንዷ ጎረቤታችን ብቻ አንገቷን በመስኮት ብቅ አድርጋ «እኔ በከሰል ነኝ እትዬ!» ትላለች።

በመጨረሻ ኤሌክትሪሻን ተጠራ። ሰውዬው ቴስተሩን ከኪሱ ሳያወጣ አንድ ነገር ጠየቀ፤ «ሲጥል ስንት እንጀራ ወጥቶ ነበር?»

የሚያሾፍ መስሎኝ ነበር። ለካ ችግሩን እየለየ ነው። ብሬከር ለምን እንደጣለ ለማወቅ ከሁሉ በፊት መጠየቅ ያለበት መቼ እንደጣለ ነው። ሲሰካ ወዲያው? ከአስር ደቂቃ በኋላ? ዝናብ ሲጥል? መብራት ሄዶ ሲመጣ? እያንዳንዱ መልስ ወደተለያየ ቦታ ይወስዳል።

ብሬከር በአጭሩ በሽቦው የሚያልፈው ከረንት ከልኩ ሲበልጥ ራሱን በራሱ የሚያጠፋ ማብሪያ ማጥፊያ ነው። «ጣለ» የምንለው እንዲህ ራሱን ሲያጠፋ ነው። ከእሱ በፊት ሥራውን የሚሠራው ፊውዝ ነበር። ፊውዝ አንዴ ከተቃጠለ አበቃ፣ መቀየር አለበት። ብዙ ቤት ደግሞ በመቀየር ፈንታ ያገኙትን ሽቦ ጠምጥመውበት ይቀጥሉ ነበር። ዛሬ በየቤቱ የምናየው ትንሹ ብሬከር የመጣው በ1924 እ.ኤ.አ. ጀርመን አገር፣ ማንሃይም ከተማ ነው። ሁጎ ስቶትስ በሚባል ሰው ድርጅት ውስጥ በፊውዝ ቦታ ላይ የሚጠመዘዝ፣ ሲወድቅ መልሶ የሚነሳ ዕቃ ተሠራ። ያ አሠራር በመሠረቱ እስካሁን አልተቀየረም።

በዚያች ትንሽ የፕላስቲክ ሳጥን ውስጥ ሁለት ዘበኞች አሉ። አንደኛው ታጋሽ ነው። ሁለት የተለያዩ ብረቶች አንድ ላይ ተጣብቀው የተሠራ ስስ ቅጠል ነው። ከረንት ሲበዛ ይሞቃል። አንዱ ብረት ከሌላው ይበልጥ ስለሚለጠጥ ቅጠሉ ቀስ እያለ ይጎብጣል፣ መጨረሻ ላይ መቆለፊያውን ገፍቶ ይጥለዋል። ይህ ደቂቃዎች ይፈጃል። ሁለተኛው ትዕግሥት የለውም። ጥቅልል ሽቦ ነው፣ ከረንቱ ድንገት ብዙ እጥፍ ሲሆን ማግኔት ሆኖ በሰከንድ አንድ አስረኛ ባልሞላ ጊዜ ይቆርጠዋል። ብሬከሩ ላይ በፈረንጅ ፊደል «ሲ16» የሚል ጽሑፍ ካያችሁ 16ቱ ያለማቋረጥ የሚሸከመው አምፔር ነው። «ሲ» ደግሞ ችኩሉ ዘበኛ የሚነሳው ከዚያ ከ5 እስከ 10 እጥፍ ሲደርስ ነው ማለት ነው።

አሁን ወደ እንጀራው እንመለስ።

የተለመደው የኤሌክትሪክ ምጣድ 3,500 ዋት አካባቢ ይፈልጋል። የእኛ አገር መብራት 220 ቮልት ነው። 3,500ን ለ220 ስናካፍል 15.9 አምፔር ይመጣል። ልብ በሉ፣ ምጣድ ብቻውን የ16 አምፔር ብሬከር ሙሉ ድርሻውን ይወስዳል። ጎረቤት በዚያው መስመር ወጥ ልትሠራ 2,000 ዋት ምድጃ ስትለኩስ 9 አምፔር ይጨመራል። ድምሩ 25 ይሆናል፣ ማለትም አንድ ተኩል እጥፍ። ችኩሉ ዘበኛ 80 አምፔር ካልደረሰ አይነቃም። ታጋሹ ግን መጉበጥ ይጀምራል። ለዚህ ነው ወዲያው የማይጥለው። እንጀራው ይወጣል፣ ሁለተኛው ይወጣል፣ ሰው «ዛሬስ ተገላገልን» ሲል ይጥላል። ኤሌክትሪሻኑ «ሎድ በዝቶበታል» ያለው ለዚህ ነው። አራት አምስት እንጀራ ከወጣ በኋላ የሚጥል ብሬከር ራሱ ጤነኛ ነው፣ የተጫነበት ነው የበዛው።

አሜሪካ ያሉ ዘመዶቻችንም ከዚህ አላመለጡም። እዚያ መብራቱ 120 ቮልት ስለሆነ የሚሸጠው ምጣድ አብዛኛው ጊዜ 1,500 ዋት ነው። 12.5 አምፔር ማለት ነው። መስመሩ 15 አምፔር ብሬከር ካለው ምጣዱን ይችላል። በዚያው መስመር ማይክሮዌቭ ከተጨመረ ግን ያው ቷ ነው።

ስንሰካ ወዲያው ከጣለስ? ያ ሾርት ነው። ፌዙና ኒውትራሉ፣ ማለትም ከረንት የሚወስደውና የሚመልሰው ሽቦ፣ የሆነ ቦታ ተነካክተዋል። በር እየረገጠ የቆረጠው ኤክስቴንሽን ሊሆን ይችላል፣ አይጥ የበላው ሽቦ ሊሆን ይችላል፣ ውስጡ የተቃጠለ ዕቃም ሊሆን ይችላል። እዚህ ላይ እልህ አያስፈልግም። አንዴ አንስታችሁት ወዲያው መልሶ ከወደቀ ሁለተኛ አታንሱት። እጀታውን በጣት ደግፎ መያዝም ከንቱ ነው። ብሬከሩ የተሠራው እጀታው ወደላይ ተይዞም ቢሆን ውስጡ እንዲቆርጥ ተደርጎ ነው።

መብራት ሄዶ ሲመጣ የሚጥል ደግሞ አለ። ሰው መብራት ሲሄድ ማጥፊያውን ይረሳል። ምድጃው፣ የውሃ ማሞቂያው፣ ፍሪጁ ሁሉ እንደበሩ ይቆያሉ። መብራቱ ሲመጣ ሁሉም አንድ ላይ ይነሳሉ። ፍሪጅ ሞተር ስላለው ሲነሳ ከተለመደው ብዙ እጥፍ ከረንት ይስባል። መብራት ሲሄድ ትልልቁን ዕቃ መንቀል፣ ሲመጣ ትንሽ ቆይቶ በየተራ መሰካት ነው።

አራተኛው ዓይነት የክረምቱ ነው። ዕቃው ይነዝራል። እዚህ ላይ ተራው ብሬከር አይረዳንም። ሰው ለመግደል ከአንድ አምፔር እጅግ ያነሰ ከረንት ይበቃል፣ ብሬከሩ ደግሞ 16 አምፔር ድረስ ዝም ብሎ ያሳልፋል። ለዚህ የተሠራው አርሲዲ ይባላል። ሥራው ሒሳብ ማመሳከር ነው። በፌዝ የሄደው ያህል በኒውትራል ካልተመለሰ የጎደለው የሆነ ቦታ ፈስሷል፣ ምናልባትም በሰው ገላ አልፎ። ለቤት የሚገጠመው በ30 ሚሊ አምፔር ልዩነት ይቆርጣል። ፊቱ ላይ «ቲ» የሚል ቁልፍ አለው። በየወሩ ስትጫኑት መጣል አለበት። ካልጣለ ሞቷል። እኔ ከብሬከር ይልቅ አርሲዲ የሌለው ቤት ያሳስበኛል፣ በተለይ ሻወር ማሞቂያ ያለው።

ቤታችሁ ሲጥል በራሳችሁ ልትሠሩት የምትችሉት ምርመራ አለ፣ ዕቃ አይጠይቅም። እጃችሁና ወለሉ ደረቅ ይሁን። መጀመሪያ የማከፋፈያ ሳጥኑን ክፈቱና የትኛው እንደወደቀ እዩ። አንዳንዱ ሙሉ ለሙሉ አይወርድም፣ መሃል ላይ ይቆማል። እሱን ለማንሳት መጀመሪያ ወደታች እስከመጨረሻው ገፍታችሁ ከዚያ ወደላይ ነው። ምንም የወደቀ ከሌለ የጎረቤትን መብራት አረጋግጡ፣ ካርድ ቆጣሪ ከሆነም ሒሳቡን እዩ። ብሬከር ሲጎረጉር ቆይቶ ካርድ ማለቁን ያወቀ ሰው አንድ ሁለት አይደለም፣ እኔም ውስጡ አለሁበት። ቆጣሪው ራሱ ታሽጓል፣ እሱን መንካት የኤሌክትሪክ አገልግሎት ሥራ ነው። 905 ብሎ መደወል ነው።

የወደቀውን ካገኛችሁ በዚያ መስመር ያለውን ዕቃ ሁሉ ንቀሉ። ማጥፋት አይበቃም፣ ከሶኬቱ ይውጣ። ብዙ ማጥፊያ አንዱን ሽቦ ብቻ ስለሚቆርጥ ዕቃው ጠፍቶም ሊያፈስ ይችላል። ሎድ በዝቶበት የጣለ ከመሰላችሁ ጥቂት ደቂቃ ጠብቁ፣ ያ የጎበጠው ቅጠል መቀዝቀዝ አለበት። ከዚያ አንሱት። ምንም ሳይሰካ ከጣለ ችግሩ ግድግዳው ውስጥ ወይም ጣሪያ ላይ ነው። ዝናብ የገባበት የበረንዳ አምፖል የተለመደ ነው። እዚህ ላይ አቁሙና ባለሙያ ጥሩ። ሳይጥል ከቆየ ግን ዕቃዎቹን አንድ በአንድ ሰኩ። ሲሰካ የጣለው ዕቃ ጥፋተኛ ነው። ብቻ ለብቻ ሁሉም ሰላም ሆነው አንድ ላይ ሲሆኑ ከጣለ የእኛ ግቢ በሽታ ነው።

ለእኛ ግቢ በሽታ አንድ ተከራይ መድኃኒት ነበረው። «ትልቅ ብሬከር ይግባበትና እንገላገል» አለ። ኤሌክትሪሻኑ መልስ ሳይሰጥ ዋናውን አጠፋና የምጣዱን ሶኬት ፈታ። የሽቦው ፕላስቲክ ቡናማ ሆኖ እንደ ቆሎ ይሰበራል። ሶኬቱ ራሱ የተሠራው ለ16 አምፔር ነው። በየሳምንቱ ለሰዓታት እስከ ጫፉ ሲሠራበት ማያያዣው ላልቶ፣ የላላው ደግሞ ሞቆ እዚያ ደርሷል። ይህን ሙቀት ብሬከር አያየውም፣ ምክንያቱም ከረንቱ አልጨመረም። የሚያየው የሰው እጅ ነው። ሶኬቱ ከሞቀ፣ ከጠቆረ ወይም የተቃጠለ ፕላስቲክ ከሸተተ ማቆም ነው።

ብሬከር የሚጠብቀው ሽቦውን ነው። ዕቃችንን ለመጠበቅ አልተሠራም። ለመብራት የሚዘረጋው ባለ 1.5 (ካሬ ሚሊ ሜትር ውፍረት) ሽቦ 10 አምፔር ብሬከር ይገባዋል፣ ለሶኬት የሚዘረጋው ባለ 2.5 ደግሞ 16። በባለ 2.5 ሽቦ ላይ 32 አምፔር ከተገጠመ ብሬከሩ አይጥልም፣ እውነት ነው። ያን ጊዜ ፊውዝ የሚሆነው ግድግዳው ውስጥ ያለው ሽቦ ነው። ሽቦ የሚሞቀው ደግሞ ከረንቱ በጨመረው ልክ ብቻ አይደለም። ከረንት እጥፍ ሲሆን ሙቀቱ አራት እጥፍ ነው።

ሰውዬው ለምጣዱ ብቻ ባለ 4 ሽቦ ከሳጥኑ ጀምሮ ዘረጋ፣ ባለ 20 አምፔር ብሬከርና አርሲዲ ገጠመለት። ሶኬቱንም አስቀርቶ ሁለቱንም ሽቦ በሚቆርጥ ማጥፊያ አገናኘው። አከራያችን ስለ ዋጋው ለአንድ ሳምንት አወሩ። ቅዳሜ ግን ጸጥ አለ።

ነሐሴ ላይ ምጣዱ ሁለት ሳምንት ሳይሠራ ከርሞ ሲበራ፣ ገና ሳይግል ጣለ። ስልክ ደወልኩ። ሰውዬው ያችኑ ጥያቄ ደገማት፤ «ስንት እንጀራ ወጥቶ ነበር?»

«ምንም» አልኩ።

«የጣለው የትኛው ነው? ብሬከሩ ወይስ አርሲዲው?»

«አርሲዲው።»

«ሸክላው እርጥበት ጠጥቶ ነው የሚሆነው። አትንኩት፣ መጥቼ እለካዋለሁ።»

መጣና ለካው፣ እንዳለውም እርጥበት ነበር። ምጣዱ ከሽቦው ተፈታና ሁለት ቀን ከሰል ምድጃው አጠገብ ተቀመጠ። የዚያ ሳምንት እንጀራ ከሱቅ ተገዛ።