መቶ ዓመት የጨሰ ቡኻሪና አዲሱ ምድጃ

እንደ ሚኒሶታ ባሉ የአሜሪካ ሰሜናዊ ግዛቶች ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊት የተሠራ ቤት የገዛ ሰው፣ የመጀመሪያውን የበረዶ ወራት የማሞቂያ ሒሳብ እንዳየ ዐይኑን ወደ ሳሎኑ ቡኻሪ ይጥላል። የብረት የእንጨት ምድጃ ገዝቶ ቧንቧውን እዚያ መሰካት ያምረዋል። ሐሳቡ ክፉ አይደለም፤ ክፉዎቹ አብረውት የሚመጡት እርግጠኝነቶች ናቸው።

«መቶ ዓመት ያገለገለ ጭስ ማውጫ ለእኔም አያንስም»

አያንስም፤ ይበዛል እንጂ። ክፍት ቡኻሪ አብዛኛውን ሙቀቱን ወደ ሰማይ ስለሚልክ ጭሱ ትኩስ ሆኖ ይወጣል። የብረት ምድጃ ግን ሙቀቱን ለቤቱ ያስቀራል፤ የሚለቀው ጭስ ያነሰና ቀዝቀዝ ያለ ነው። ጎንና ጎኑ 30 ሴንቲሜትር የሆነ የቡኻሪ መተላለፊያ 900 ካሬ ሴንቲሜትር ስፋት አለው፤ ክብ ሆኖ ከዳር እስከ ዳር 15 ሴንቲሜትር የሆነው የምድጃ ቧንቧ ግን 177 ገደማ ብቻ። ጭሱ አምስት እጥፍ ወደሚሰፋ ቀዝቃዛ ጉድጓድ ሲገባ ይዘገያል፤ ግድግዳው ላይም ይጤዛል።

የእናቶቻችንን ማድ ቤት ጣሪያ ያየ ሰው ጥላሸትና ጥቀርሻ ለየቅል መሆናቸውን አይስትም። ጥላሸት ይራገፋል፤ ጥቀርሻ እንደ ሬንጅ ተጋግሮ ያብለጨልጫል። ባለሙያዎች ክሬኦሶት የሚሉት ይህንን ነው። ራሱ ነዳጅ ነው፤ ሲቀጣጠል ሙቀቱ ከ1,000 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሊያልፍ ይችላል። ብዙ አሮጌ ጭስ ማውጫዎች ደግሞ ውስጣቸው ያልተለበጠ ጡብ ነው፤ ጡቦቹን ያያያዘው ኖራ በአሲዳማው እርጥበት ተበልቶ ቀዳዳ ሲከፍት እሳቱ ወደ ጣሪያው እንጨት መንገድ ያገኛል።

መፍትሔው በምድጃው አፍ ልክ የተመረጠ፣ ከታች እስከ ጫፍ የሚዘልቅ፣ ሙቀት በሚይዝ ልባስ የተጠቀለለ የማይዝግ ብረት ቧንቧ ነው። ዋጋው ያስደነግጣል፤ አንዳንዴ ከምድጃው ይበልጣል።

«ጡብ አይነድም፤ ጎኑ ያለው እንጨት ምን ይሆናል?»

ጡብ ባይነድም ሙቀት ያሳልፋል። ለዓመታት ሲጠበስ የኖረ ወራጅ ከአዲስ እንጨት ባነሰ ሙቀት ይቀጣጠላል። የአሜሪካ ደንብ ቤት ውስጥ ባለ ጭስ ማውጫና በእንጨቱ መካከል 5 ሴንቲሜትር ክፍተት ይጠይቃል፤ በአሮጌ ቤቶች ግን ወራጁ ጡቡን ተደግፎ ይገኛል።

«አየሩን ዘግቶ እሳቱን ማሳደር እንጨት ይቆጥባል»

ጥቀርሻ ያመርታል። እርጥብ እንጨት ሲጨመርበት ደግሞ ይብሳል። «ከደረቅ ጋር እርጥብ ይነዳል» የሚለው ተረት ለምድጃ አይሠራም፤ እንጨቱ እርጥበቱ ከ20 በመቶ በታች መሆን አለበት። ለዚህም ተፈልጦ ዝናብ በማያገኘው፣ ነፋስ ግን በሚያገኘው ቦታ ቢያንስ ስድስት ወር መቆየት ይፈልጋል፤ ዋርካ የሚያህለው የአገሩ ኦክ ከዓመት በላይ።

«በየዓመቱ ማስመርመር የጠራጊዎች ገበያ ነው»

የአገሪቱ የእሳት መከላከል ማኅበር ደንብ ምርመራውን በየዓመቱ ይጠይቃል፤ መጥረጉ የሚመጣው ጥቀርሻው ሲገኝ ነው፤ 3 ሚሊሜትር ከደረሰ አይታለፍም። ምድጃው ከመገጠሙ በፊት ግን ውስጡ በካሜራ መታየት አለበት። ይህን ወጪ ለመዝለል የሚፈልግ ሰው ምድጃውን ባይገዛ ይሻለዋል።

«ሳሎኑ ካልጨሰ ደህና ነን»

ካርቦን ሞኖክሳይድ የተባለው መርዛማ ጋዝ አይታይም፤ አይሸትም። በተዘጋ ክፍል የከሰል ምድጃ ሰው እንደሚገድል ከልጅነታችን እናውቃለን፤ ይህም ያው ነው። በየፎቁና በመኝታ ክፍሎቹ አጠገብ ይህን ጋዝ ሲያገኝ የሚጮህ የማስጠንቀቂያ መሣሪያ ይተከል። አንድ ነገር ልጨምር፦ ሽንኩርት ሲቁላላ በሙሉ ኃይሉ የሚሽከረከረው የወጥ ቤት አየር ማውጫ የምድጃውን ጭስ ወደ ሳሎን መልሶ ሊስበው ይችላል። በዚያ ሰዓት አንድ መስኮት ገርበብ ይበል።