«ብርቅዬ» ማለት «ጥቂት የቀረ» ማለት ነው?

«ብርቅዬ» ሲባል ወደ ልባችን የሚመጣው በቁጥር ያነሰ፣ ለማየት የሚናፍቅ ነገር ነው። በሥነ ሕይወት ግን ጥያቄው «ስንት ቀረ?» ሳይሆን «ሌላ ቦታ ይገኛል ወይ?» ነው።

የደቡብ አፍሪካን የኬፕ ጠረፍ እንውሰድ። በዚህ አካባቢ 9,000 ገደማ የዕፅዋት ዝርያዎች አሉ፤ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት በዓለም ላይ ሌላ የትም በተፈጥሮ አይበቅሉም። ፊንቦስ በሚባለው ቁጥቋጦ ውስጥ ተራራውን በብዛት የሚያለብሱም አሉ። ቢበዙም ብርቅዬ ናቸው። እዚያው ኬፕ፣ ቦልደርስ በሚባለው የባሕር ዳርቻ ላይ የሚራባው የአፍሪካ ፔንግዊን ደግሞ ናሚቢያም ውስጥ ስለሚኖር የኬፕ ብርቅዬ አይባልም፤ ሀገር በቀል ነው። የሚያሳዝነው ግን ለመጥፋት እጅግ የተቃረበው እሱ መሆኑ ነው፤ በ2024 እ.ኤ.አ. በዚሁ ደረጃ ተመድቧል። የሚመገባቸው ሰርዲንና አንቾቪ ዓሦች መመናመናቸው ክፉኛ ጎድቶታል።

የእኛው ጭላዳም እንደ ኬፕ ዕፅዋት ነው፦ ከኢትዮጵያ ውጭ በዱር አይኖርም፣ ሰሜን ተራሮች ላይ ግን በመቶዎች ሆኖ ሲግጥ ይታያል። ስለዚህ እኔ ለእንዲህ ያለው ፍጥረት «እዚህ ብቻ የሚገኝ» የሚለውን አገላለጽ እመርጣለሁ።